የቱን ለየቱ? ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለእንቅልፍ እጦት በራስ የሚሞከሩ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ሐዋሳ ውስጥ «ጨንቆኛል» ላለ ሰው ምክር ሞልቷል። አንዱ «ፍቅር ሐይቅ ወረድ በልና ንፋስ ተቀበል» ይለዋል። ሌላው «በጠዋት ታቦር ተራራን ውጣ» ይላል። እናት ጸሎት ያዝዛሉ፣ ጓደኛ ቢራ ይጋብዛል፣ ስልኩ ደግሞ በቪዲዮ ትንፋሽ ያስቆጥራል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የሚጠቅሙ ናቸው። ችግሩ ሁሉም ለሁሉም መታዘዙ ነው። ለድንገተኛ ፍርሃት የሚረዳው ነገር ለድባቴ እምብዛም አይሠራም። እንቅልፍ ላጣ ሰው የሚበጀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው በደመ ነፍስ ከሚያደርገው ተቃራኒው ነው። ሰውየው ለእሱ ያልሆነውን መንገድ ይሞክራል። አልሠራ ሲለው «እኔ በቃ አይሻለኝም» ብሎ ይተወዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ መንገዶቹን በሦስት ጥያቄ አነጻጽራለሁ። የትኛውን ችግር ይነካል? ምን ያስከፍላል፣ በብርም በጊዜም በገመናም? እንዳልሠራስ የሚታወቀው መቼ ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚያነሳ መካሪ ጥቂት ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ሙከራ ግን ሰውን ለወራት ያንከራትታል።

መጀመሪያ የትኛው እንደሚብስ ለዩ

ጭንቀትና ድባቴ አብረው ይመጣሉ። ቢሆንም አንዱ ጎላ ብሎ ይታያል። ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ቀኔን በብዛት የሚያበላሸው የቱ ነው?

ገና ያልሆነውን «ቢሆንስ» እያላችሁ ማቆም ካቃታችሁ፣ ጉዳዩ የሐሳብ መብዛት ነው። ምንም ነገር አልጣፍጥ ካለ፣ ከአልጋ መነሳት ተራራ ከሆነ፣ ሰው ከሰለቻችሁ፣ ወደ ድባቴው ያደላል። ባጃጅ ውስጥ ወይም ገበያ መሃል ልብ በድንገት እየደለቀ፣ እጅ እየነዘረ «መሞቴ ነው» የሚያሰኝ ከሆነ ድንገተኛ ፍርሃት ነው። ቀኑ ደህና ሆኖ ሌሊቱ ብቻ የሚከፋም አለ።

አምስተኛው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ችግሩ እውነተኛና ውጭ ያለ ሊሆን ይችላል። አከራይ ድንገት ኪራይ ጨምሯል። ወንድማማቾች በውርስ ተጣልተዋል። እንዲህ ሲሆን ትንፋሽ መቁጠር ልብን ቢያረጋጋም ኪራዩን አይከፍልም። የሚሻለው ቁጭ ብሎ ችግሩን በወረቀት መበተን ነው። በእጄ ያለው ክፍል የቱ ነው? በእጄ የሌለውስ? በእጅ ካለው አንዱን መርጦ እስከ ዓርብ የሚደረግ አንድ እርምጃ መወሰን። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ላልሆኑ ረዳቶች ባዘጋጀው የምክር ዘዴ ውስጥም ችግርን እንዲህ መከፋፈል ዋና ቦታ አለው። ጉዳዩ የቤተሰብ ወይም የመሬት ጠብ ከሆነ ደግሞ እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ እውነቱን አውጥቶ የሚጨርስ የአፊኒ ሥርዓት አለ። ለዓመታት በጠብ እንቅልፍ ላጣ ሰው ከየትኛውም የማረጋጊያ ዘዴ በፊት ይህን እመክራለሁ።

ሌሊቱ ሲከፋ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። ሰው አጥብቆ የሚሳሳተው በእንቅልፍ ነውና።

የተለመደው መፍትሔ በጊዜ መተኛት ነው። «ትናንት አልተኛሁም፣ ዛሬ በ2 ሰዓት ጋደም ልበል።» ያልመጣ እንቅልፍ ግን በግድ አይጠራም። ሰውየው እስከ 7 ሰዓት ሌሊት ይገላበጣል። ይህ ሲደጋገም ሰውነት አልጋን ከመንቃትና ከመጨነቅ ጋር ያያይዘዋል። ሶፋ ላይ ሲያንቀላፋ የነበረ ሰው አልጋ ላይ ሲወጣ ጥርት ብሎ የሚነቃው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ተቃራኒው ነው። አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን። እንቅልፍ ሳይመጣ አትተኙ። ወደ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ካልመጣ ተነሱ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ሥሩ፣ ዓይን ሲከብድ ተመለሱ። ሰዓት እያያችሁ አትቁጠሩ፤ በግምት ይበቃል። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። ሌሊቱ ምንም ቢመስል ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ፣ እሑድም ጭምር። ይህ ዘዴ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተፈተነ ነው። ዛሬም ለቆየ የእንቅልፍ እጦት ቀድሞ የሚመከረው እሱን ያካተተ ሕክምና ነው፣ ከኪኒን በፊት።

ዋጋው ምንድን ነው? ብር አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ሊብስ ይችላል። ብዙ ሰው የሚተወውም እዚያ ላይ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሳታቋርጡ ስጡት።

«አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን የት እንነሳለን?» የሚሉ አሉ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ብዙ እህቶች የሚኖሩት እንዲህ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሌላ ክፍል የግድ አይደለም። ከፍራሹ ወርዶ ግድግዳ ተደግፎ ወይም ዱካ ላይ መቀመጥ ይበቃል፤ ዋናው ከመኝታው መለየት ነው። በሽፍት የሚሠራ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት አይችልም። እሱ ቢያንስ ሽፍቱ እስኪቀየር ድረስ ያንኑ ሰዓት ይጠብቅ። ቀን ሲተኛ መስኮቱን በጋቢም ቢሆን ያጨልም።

ሦስተኛው መንገድ የሐሳብ ቀጠሮ ነው። ሌሊት የሚመጣውን ሐሳብ ለቀን መቅጠር ማለት ነው። ለምሳሌ ከሥራ መልስ በ11 ሰዓት 20 ደቂቃ ለጭንቀት ብቻ ይመደባል። የሚያሳስበው ሁሉ ይጻፋል፤ የሚፈታው ከማይፈታው ይለያል። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ «በ11 ሰዓት እንገናኝ» ተብሎ ይሸኛል። ማጥፋት አይደለም፣ ማዘግየት ነው። ሐሳብን በግድ ማባረር የበለጠ ስለሚያመጣው ማዘግየት ይቀላል። ይህ የሚሻለው ሐሳብ ላበዛ ሰው ነው። ሐሳብ ሳይኖርበት ዓይኑ ፈጦ ለሚያድር ሰው ግን ሁለተኛው መንገድ ይበልጣል። ወረቀቱን ሌላ ሰው እንዳያነብባችሁ ከፈራችሁ ጽፋችሁ ቅደዱት። የሚጠቅመው መጻፉ ነው።

አራተኛው ኪኒን ነው። ዲያዜፓምና መሰሎቹ በፍጥነት ያስተኛሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሐኪም ለጥቂት ቀን ሊያዝዛቸውም ይችላል። ነገር ግን ለሳምንታት ሲወሰዱ ሰውነት ይለምዳቸዋል፣ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። በድንገት ሲቆሙም ጭንቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። ከአልኮል ጋር ደግሞ ትንፋሽ እስከማቆም ያደርሳሉ። ከጎረቤት በተገኘ ኪኒን እንቅልፍ አትጀምሩ። ከጀመራችሁም ብቻችሁን በአንድ ቀን አታቁሙ፤ በሐኪም ምክር ቀስ ተብሎ ነው የሚወረደው።

ቡናንም አልዘልም። በቡና አገር ስለ ቡና ክፉ ማውራት ይከብዳል። ሆኖም ካፌይን በአማካይ ከ5 ሰዓት በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ይገኛል። በ10 ሰዓት የተጠጣ ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። ሥነ ሥርዓቱን አትተዉ፤ ወደ ጠዋት አምጡት። ለ2 ሳምንት ብቻ ሞክራችሁ እዩ።

ድባቴ ሲጫን፦ ስሜትን መጠበቅ ወይስ ቀድሞ መጀመር

ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማው ምክር «ዕረፍት አድርግ» ነው። ደክሞት ከሆነ ልክ ነው። ድባቴ ሲሆን ግን ዕረፍቱ ያስራል። ሰው ሲያርፍ ከሰው ይርቃል፣ ከሥራ ይርቃል፣ ደስ ሊለው የሚችል ነገር ሁሉ ይቀንሳል፣ በዚያ ላይ ስሜቱ ይበልጥ ይወርዳል። «ሲሻለኝ እወጣለሁ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚሻለው ከወጣ በኋላ ነው።

አማራጩ ስሜትን ሳይጠብቁ በሰዓት መንቀሳቀስ ነው። ነገ የሚደረጉ ሁለት ትናንሽ ነገሮች ዛሬ ማታ ይጻፋሉ። አንዱ የሚጠናቀቅ ሥራ ይሁን፣ ሁለት ሸሚዝ ማጠብ ለምሳሌ። አንዱ ከሰው የሚያገናኝ ወይም ድሮ ደስ ይል የነበረ ይሁን፤ ይርጋለም ላለች እህት መደወል፣ የጎረቤት ቡና ላይ ለግማሽ ሰዓት መገኘት። ሰዓታቸው ይወሰን። ደስ ባይልም ይደረጉ። በጣም ከከበደ አሳንሱት፤ ሁለት ሸሚዝ ቢከብድ አንድ።

ቀላል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል። መናቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ ውስጥ 440 ድባቴ ያለባቸው አዋቂዎች የተካፈሉበት ጥናት ይህን ዘዴ አስተሳሰብን ከሚያርመው ረቀቅ ያለ የንግግር ሕክምና ጋር አወዳድሮ ነበር። ውጤቱ የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም፤ የሰጡትም አጭር ሥልጠና የወሰዱ ጀማሪ ሠራተኞች ነበሩ። እርግጥ ነው፣ እዚያ የሚከታተል ሰው ነበራቸው። እናንተም ብትችሉ አንድ ሰው ያዙ፤ በየማታው «አደረግሽው?» ብላ የምትጠይቅ እህት ትበቃለች።

የእግር ጉዞና ሩጫስ? ከዚህ መንገድ ጋር በደንብ ይሄዳሉ። ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመከራል። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ስለሆነ ጉልበት ለሌለው ሰው ይመቻል። ታቦር ሽቅብ ነው፤ ድባቴው ከባድ ለሆነበት ሰው የመጀመሪያው ቀን ዕቅድ እንዲሆን አልመክርም። አቅም ያላቸው ከጓደኛ ጋር ይውጡት። ሐይቁ ዳር ጠዋት ይሻላል፤ ሲመሽ ቢንቢው ይበዛል፣ ወባም አለ። ብቻ መሄድ ሐሳብ የሚያበዛበት ሰው ደግሞ ከሰው ጋር ይሂድ። አሞራ ገደል ዓሣ እየበሉ መጫወትም ለሱ ከብቻ ጉዞ ይበልጥበታል።

እዚህም ቀን ቁረጡ። ለ2 ሳምንት በየቀኑ ሞክራችሁ ቅንጣት ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ልብስ መልበስ እንኳ ካቃተ፣ ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። እርዳታ ይፈልጋል።

ድንገተኛ ፍርሃት፦ መሸሽ ወይስ መቆየት

ለመጀመሪያ ጊዜ ደረት ጨምድዶ የያዘው ሰው መጀመሪያ ይመርመር። ልብም ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛትና ደም ማነስም ልብን ያስደልቃሉ። ሐኪም «ልብህ ደህና ነው» ካለ በኋላ ግን በየወሩ አዲስ ምርመራ ማሠራት ፍርሃቱን ይመግበዋል።

ፍርሃቱ ሲነሳ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ በፍጥነት ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይቀንሳል፤ ማዞሩና የጣት መንዘሩ በአብዛኛው ከዚያ ነው። ለዚህ ቀስ ያለ ትንፋሽ ይሠራል። በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ለ5 ደቂቃ። ደህና በሆናችሁበት ሰዓት ተለማመዱት፤ በፍርሃቱ መሃል አዲስ ነገር መማር ያስቸግራል። ለድባቴ ግን ከዚህ ብዙ አትጠብቁ።

ለዘለቄታው የሚበልጠው መቆየት ነው። ከባጃጁ ዘሎ የወረደ ሰው ወዲያው ይቀለዋል፤ አእምሮው ግን «ያዳነኝ መውረዴ ነው» ብሎ ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ባጃጅ ራሱ ያስፈራዋል። ፍርሃቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይወርዳል። መጀመሪያ ከወንድም ጋር አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ብቻን አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ እስከ መናኸሪያ። በየደረጃው ፍርሃቱ እስኪቀንስ መቆየት።

ለማን ይነገር?

ከጓደኛ፣ ከሃይማኖት አባት፣ ከባለሙያና ከስልክ ማን ይሻላል?

ጓደኛ ቅርብ ነው፣ ነጻ ነው። ድክመቱ ወዲያው ወደ ምክር መሮጡ ነው። የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ ንገሩት። «ወንድሜ፣ ሰሞኑን ደህና አይደለሁም። መፍትሔ አልፈልግም፤ ዝም ብለህ ስማኝ።» እንዲህ ሲባል አብዛኛው ሰው መስማት ይችላል። ወሬ እንዳይወጣ ከፈራችሁ ከአንድ እድር ወይም ከአንድ ሥራ ቦታ ያልሆነ ሰው ምረጡ።

ማዳመጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ዚምባብዌ አሳይታለች። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። በ2016 የወጣው ጥናት 573 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከአሮጊቶቹ ጋር ያወሩት ከ6 ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው ተገኙ። አሮጊቶቹ እንዲሁ አላጽናኑም፤ ሰምተው አንድ ችግር አስመርጠው ነው የሚያሠሩት። ጥሩ ሰሚ የሆነች እትዬ በየሰፈሩ አለች። ፈልጓት።

የሃይማኖት አባት፣ ፓስተር ወይም ሼኽ የበለጠ የሚረዱት በጸጸት፣ በሐዘንና በትርጉም ጥያቄ ላይ ነው። ጸሎትም ጠበልም ዱአም ለሚያምንበት ትልቅ ብርታት ናቸው፤ ከሕክምና ጋር ሊመረጡ የሚገባቸው አማራጮች አድርጌ አላቀርባቸውም። አብረው ይሄዳሉ። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ማንም ቢላችሁ የታዘዘ መድኃኒት አታቋርጡ።

ስልክ ለትምህርት ጥሩ ነው፣ በሽታን ለመሰየም አይደለም። ሌሊት በ6 ሰዓት በቪዲዮ ምልክት እየቆጠረ ጤነኛ የሆነ ሰው የለም።

ማንም ሳይሰማ መጻፍስ? የቆየ ነገር ለሚከብደው ሰው ይረዳል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚጠናው ዘዴ በቀን 15 ደቂቃ ለ4 ተከታታይ ቀን መጻፍ ነው። ሐዘኑ ትኩስ ከሆነ ግን ቆዩ፤ ያን ጊዜ ሰው ይሻላል።

ጫትና መጠጥ

ሰው ለጭንቀት መድኃኒት አድርጎ ስለሚወስዳቸው ማነጻጸሩ ውስጥ ይግቡ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። በምርቃናው ሰዓት ሐሳብ ይፈካል። ሲወርድ ድብርቱ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይሄዳል። ያን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል። አልኮሉ ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጣል። ጠዋት ሁለቱም ዕዳ ይዘው ይጠብቃሉ። በዚህ ዙር ውስጥ ሆናችሁ ሌላውን መንገድ ብትሞክሩ የሚሠራው እንኳ ያልሠራ ይመስላችኋል። መጀመሪያ ጨብሲውን ቀንሱ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን ባንድ ቀን አያቁም፤ መንቀጥቀጥና መጣል ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ያማክር።

በራስ መሞከር የሚቆምበት

ድባቴው አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየና ሥራ ወይም ትምህርት ካስተጓጎለ፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ሰው ያልሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል» ማለት፣ ለቀናት ሳይተኙ ኃይል መሙላት፣ ምግብና ውኃ መተው ካሉ ምንም በራስ አይሞከር። የወለደች እናት ላይ ከሆነ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፣ በዚያው ቀን ውሰዷት።

«መሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ብቻችሁን አትደሩ። ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። ቤት ያለውን መድኃኒትና የተባይ መርዝ ሌላ ሰው ይውሰደው። ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን። ለጓደኛችሁ የምትሰጉ ከሆነ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ የሚናገርበት በር ይከፍትለታል።

ሐዋሳ ላይ ጉዞው ብዙ ጊዜ ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ይጀምራል። ካስፈለገ ሰው «ሪፈራል» ወደሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይላካል፣ እዚያ የሥነ አእምሮ ሕክምና አለ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያላችሁ የመላኪያውን ወረቀት አትርሱ። ለድባቴ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ ለመታየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሳምንቱ «አልሠራም» ብላችሁ አትጣሉት፤ ሲሻላችሁም ሐኪም ሳይል አታቁሙት።

ስትሄዱ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ያዙ፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ እንዴት እንደሆነ፣ የምትወስዱት ነገር ሁሉ፣ ጫትና መጠጥ ጭምር፣ እና እስካሁን የሞከራችሁት ከነቀኑ። ተራው ደርሶ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ቃል ሊጠፋባችሁ ይችላል። ያኔ ወረቀቱን ስጧቸው።